ብሌኔን አደራ

«ይኼኛውስ ምናቸው ነው?» ብሎ የጠየቀው ሰው ክፉ አስቦ አልነበረም። ከጎረቤት ወንበር ተሸክሞ የመጣ፣ ማንን ቀድሞ ማጽናናት እንዳለበት ግራ የገባው ሰው ነው። «ምኗም አይደል፤ የባሏ ልጅ ነው። እዚሁ ይኖራል» ብላ የመለሰችለት የሟቿ ታናሽ እህት ነበረች፤ ድምጿም የተቆጣ ሰው ሳይሆን የደከመው ሰው ድምፅ ነበር። ጥያቄው ስለ እሱ የሆነው ተኳሹ ይህን የሰማው ከመጋረጃው ወዲህ ሆኖ፣ ሟቿ እትዬ የሚለብሱትን የመጨረሻ ነጭ አንሶላ በካውያ እየተኮሰ ሳለ ነው። እጁ ቆመ። ካውያ ደግሞ ቆም ብሎ ማሰብን አይወድም፤ ያሰበ ተኳሽ ጨርቅ ያቃጥላል። ብድግ ሲያደርገው አንሶላው ላይ የምላስ ቅርጽ ያለው ቢጫ ምልክት ታትሞ አገኘው። ስንት ዘመን የሰው ሱሪና የሙሽራ ቀሚስ ሲተኩስ ኖሮ፣ የመጀመሪያ ያቃጠለው ጨርቅ የእትዬ አንሶላ ሆነ። ምልክቱ በእግር በኩል እንዲውል አድርጎ አጠፈውና ካውያውን ነቀለ።

ሥራውን ሲጠየቅ «ተኳሽ ነኝ» ብሎ ዝም ማለት ይወዳል። አንድ ጊዜ መንገድ ላይ ያስቆመው ፖሊስ ይህንኑ መልስ ሲሰማ ወደ ኋላ ማፈግፈጉን እትዬ ለመጣ እንግዳ ሁሉ ያወሩ ነበር። «የኔ ተኳሽ እኮ ዒላማው ኮሌታ ነው» ይሉና ከእንግዳው ቀድመው ራሳቸው ይስቃሉ። እሳቸው ቤት የገባው የአባቱን እጅ ይዞ፣ ገና የወተት ጥርሱ ሲነቃነቅ ነበር። አባቱ «እትዬ በላቸው» አለው፤ እትዬ አላቸው። አባትየው ብዙም ሳይቆይ ሞተ፤ እትዬ የሚለው ስም ግን እዚያው ቀረ። እንደ እናት አሳደጉት፣ እንደ እናት ተቆጡት፤ እሱ ግን እማዬ የሚለውን ቃል የሚጀምርበት ቀን ሳያገኝ ጸጉሩ ሸበተ። እንዲህ ያለ ቃል በጊዜው ካላሉት በኋላ ከጉሮሮ አይወጣም። እሳቸውም ቢሆኑ አንድ ቀን በስሙ ጠርተውት አያውቁም። ብሌኔ ነው የሚሉት። ብሌኔ በሩን ዝጋው፣ ብሌኔ ዳቦ ይዘህ ና፣ ብሌኔ ዛሬም እንፋሎት እንፋሎት ትሸታለህ። ሰፈርተኛው አባቱ ያወጣለት ስም መስሎት ብሌን ይለዋል።

ቤቱ ከግቢው ጀርባ ያለ ሁለት ክፍል ነው። ከፊት ባለው ክፍል ቀን ተጣጥፎ ግድግዳ የሚደገፍ የተኳሹ አልጋ፣ ብርድ ልብስ የተነጠፈበት የመተኮሻ ጠረጴዛና ክዳኑ የጠፋ ማንቆርቆሪያ አሉ። በውስጠኛው ክፍል የእትዬ አልጋ፣ በሩ አልገጥም ያለ ቁም ሣጥንና የጎረቤትን ግድግዳ ብቻ የሚያሳይ መስኮት። ቤት ተብሎ የሚያስጎመጅ ነገር የለውም። ግን በዚህ ከተማ የአንድ ክፍል ኪራይ የተኳሽን የወር ደመወዝ ውጦ ውሃ ይጠጣበታል። ቤቱን ያወረሷቸው የእትዬ አባት ናቸው፤ እንግዲህ እትዬ ካለፉ የሚመለሰው ለወንድማቸውና ለእህታቸው ነው። ይህን ሁሉም ያውቃል፤ ማንም አላወራውም።

ትናንት አመሻሽ ላይ ትንፋሻቸው ሲያጥር ወንድምና እህት በአልጋው ግራና ቀኝ ቆመው ነበር፤ ተኳሹ የውሃ ብርጭቆ ይዞ በሩ ላይ። እትዬ ዓይናቸውን ገለጡ። ማንን እንዳዩ አይታወቅም። «ብሌኔን አደራ» አሉ፤ ቆይተውም «እንዳትከለክሉብኝ»። ከዚያ ወዲያ ቃል አልወጣቸውም፤ ጎህ ሲቀድ አረፉ። ወንድምየው ዕድሜውን በሙሉ የጭነት መኪና ሲነዳ ኖሮ ጡረታ የወጣ፣ ንግግሩም እንደ ፍሬን ድንገት የሚይዝ ሰው ነው። ጠዋት ተኳሹን ወደ ኮሪደሩ ጠራውና ሳያለባብስ ነገረው። ቤቱን ለልጁ ሊሰጣት አስቦ ነበር፤ አራስ ሆና በኪራይ ቤት እየተንከራተተች ነው። አሁን ግን እህቱ አፍ አውጥታ አደራ ካለች፣ የሟች ቃል ነውና አይከለክለውም፤ እዚሁ ይኑር። ተኳሹ «እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ» አለ፤ ቀና ብሎ ግን ሊያየው አልቻለም።

ሊያየው ያልቻለው በዚያ ቤት ብሌን የሚባለው እሱ ብቻ ስላልሆነ ነው። የዛሬ ዓመት ገደማ እትዬን መነጽር ሊያሠራላቸው ወደ ዓይን ክሊኒክ ይዟቸው ሄዶ ነበር። ተራ ሲጠብቁ አጠገባቸው አንድ ዓይኗ እንደ ወተት የነጣ ወጣት ተቀምጣለች። እትዬ ዝም ብሎ መቀመጥ ስለማይሆንላቸው፣ ልጄ አንቺስ ምን ትጠብቂያለሽ አሏት። «ሰው እስኪሞት» አለቻቸው። ቀልድ መስሏቸው ሳቁ፤ ልጅቷ አለመሳቋን ሲያዩ ግን አፋቸውን በነጠላቸው ጫፍ ያዙ። ሐኪሙ ጋ ሲገቡ የመነጽራቸውን ነገር ትተው የልጅቷን ጠየቁ። የዓይን ብሌኗ ጠባሳ ይዞ እንደነጣ፣ ሟች ከሚለግሰው ብሌን በቀር መድኃኒት እንደሌላት፣ ብዙ ሰው ቃል ገብቶ ሲሞት ግን የሚከለክለው ቤተሰብ እንደሆነ ነገራቸው። «ታዲያ እኔ የማልሞት መስሏችሁ ነው?» አሉና ፈረሙ። መንገድ ላይ ክንዱን ይዘው ሲመለሱ ሳቅ ያዛቸው። «ብሌኔን ሰጠሁ እኮ! አንተን አይደለም፤ አንተንማ ማን ይወስድልኛል?» ለዘመዶቻቸው እንዳይነግርባቸው አስጠነቀቁት፤ ከወዲሁ ከሰሙ ሳልሞት ያለቅሱብኛል፣ ጊዜው ሲደርስ እኔው እነግራቸዋለሁ አሉ። የክሊኒኩ ስልክ ያለባት ካርድ በሻይ ብርጭቆዎቹ መሐል ገብታ ቀረች።

ጊዜው ደረሰና ነገሯቸው ይሆን? ወይስ አደራ ያሉት እሱን ነው? እንዳትከለክሉብኝ ማለት ቤቱን ነው ወይስ ዓይናቸውን? ተኳሹ ሌሊቱን በወንበር ላይ ሲያገላብጠው አደረ። ከሁለቱ አንዱ ነው፤ ሁለቱም ሊሆን ይችላል። የሚከለክለው ቤተሰብ ነው የሚለው የሐኪሙ ቃል ግን ጆሮው ውስጥ አለ። ጠዋት ወንድምየው ካነጋገረው በኋላ ካርዷን ከብርጭቆዎቹ መሐል አውጥቶ ኪሱ ከተተና አሠሪዬን ላስፈቅድ ብሎ ወጣ።

መንገዱ እንደ ወትሮው ነበር፤ ሰው ሲሞት መንገድ የማይሞተው ነገር ሁልጊዜ ይገርማል። ባለሱቆች በራቸውን እያንጓጉ ይከፍታሉ፤ አንዲት ሴት የቲማቲም ዋጋ ትናንትና ዛሬ እንዴት እንዲህ ይራራቃል ብላ ከሻጩ ጋር ትሟገታለች። ላውንደሪው ውስጥ ከሆቴል የመጣው አንሶላ እንደ ተራራ ተቆልሏል። አሠሪዋ ደግ ሴት ናት፤ መርዶውን ስትሰማ ማሽኑን አስቁማ አጽናናችው። ከዚያም የድርጅቱን ደንብ አስታወሰችው፤ ለእናት ሦስት ቀን፣ ለሌላ ዘመድ አንድ ቀን ነው። «እናትህ ናቸው እንዴ?» አለችው። ተኳሹ ትንሽ አሰበና «እትዬ ናቸው» አላት። እንግዲህ አንድ ቀን ሆነ።

ሊወጣ ሲል የላውንደሪው ደንበኛ የሆነው የዚያ ዓይን ክሊኒክ ጋውኖች ታጥበው፣ ደርቀው፣ ካውያ እየጠበቁ ጠረጴዛው ላይ አያቸው። እዚያው ቆመ። ባይደውልስ? ቢተወው ማን ያውቅበታል? ብሌን ሰው በሞተ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ካልተነሳ አይሆንም ብሏል ሐኪሙ፤ ዝም ቢል ነገሩ እስከ ማታ በራሱ ይሞታል። ቤቱም ይተርፈዋል። ከቤቱ በላይ ደግሞ አንድ ነገር ይተርፈዋል፤ የእትዬ የመጨረሻ ቃል ስለ እሱ ነበር ብሎ ዕድሜ ልኩን ማመን ይችላል። ከዚያ በኋላ ምናቸው ነህ ተብሎ ቢጠየቅ የሚመልሰው ይኖረዋል። የጋውኑን እጅጌ በመዳፉ ዳበሰው። ሳይተኮስ ሸካራ ነው። ያቺ ልጅ እስካሁን ተራዋን እየጠበቀች እንደሆነ ወይም አግኝታ እንደሄደች አያውቅም፤ በእሷ ወንበር ላይ ግን መቼም አንድ ሰው አይጠፋም። ስልኩን አወጣ።

የክሊኒኩ ባለሙያ ስትመጣ ፀሐይዋ ከአናት አልፋ ነበር። ትንሽ የበረዶ ሣጥን ይዛለች፤ የለበሰችው ጋውን እጅጌ ላይ ተኳሹ የራሱን እጥፋት አወቀው። ቀስ ብላ፣ ጫማዋን በር ላይ ጠርጋ ገባችና ለወንድምና ለእህት አስረዳቻቸው፤ እናታችን በሕይወት ሳሉ ቃል ገብተዋል፣ ነገር ግን ከቤተሰብ እምቢ የሚል ካለ ተመልሰን እንሄዳለን አለች። እህትየው የያዘችውን የሻይ ትሪ አስቀመጠች። ብሌን ስትባል እሷ የምታውቀው የዓይንን ጥቁር ነው፤ ያ ከወጣ ምን ቀረ? እህቴን ዓይነ ስውር አድርጌ ልቅበር ነው የምትይኝ አለች።

ባለሙያዋ አልተቆጣችም፤ ይህን ጥያቄ በየቤቱ የለመደችው ትመስላለች። ጥቁሩን አንነካውም አለች። እኛ የምንፈልጋት ከጥቁሩ ፊት ያለችውን፣ መስታወት የመሰለችውን ስስ ሽፋን ነው፤ እንደ ሰዓት ክዳን ጎበጥ ያለች፣ ውፍረቷ ከጥፍር እምብዛም የማይበልጥ። ከውጭ የሚመጣ ብርሃን መጀመሪያ የሚያገኘው እሷን ነው፤ አጠፍ አድርጋ መግቢያውን ታሳየዋለች። አቧራ የሚመታው እሷን፣ ጀርም የሚታገለው እሷን ነው፤ ለዚህ ነው የአሸዋ ፍሬ እንኳን ስትነካት ሰውነት ሁሉ የሚጮኸው። የተሠራችው ከቀጫጭን ክሮች ነው፤ ክሮቹ ሥርዓት ይዘው ስለተደረደሩ ብርሃን ሰተት ብሎ ያልፍባቸዋል። ጠባሳ ከያዛት ወይ ውሃ ከቋጠረች ግን ሥርዓቱ ይፈርስና ትነጣለች። ከጀርባዋ ያለ አንድ ሽፋን አለ፤ ሥራው ውሃውን ቀንም ሌትም እየቀዳ ማውጣት ነው፤ እሱ የደከመ ቀን መስኮቱ ይጋረዳል። ተኳሹ ክር ሥርዓት ሲያጣ ጨርቅ ምን እንደሚሆን ያውቃልና ራሱን ነቀነቀ። ማንም ሳያየው ቀንም ሌትም ስለሚቀዳው ሲሰማ ደግሞ ሳያስበው ወደ ውስጠኛው ክፍል በር ዞረ።

እህትየው ሰማች፤ ልቧ ግን አልተመለሰም። ቁጣዋ አሁን መውጫ አገኘና ወደ ተኳሹ ዞረች። ማን ደውል አለህ፣ እኛ ምን ሆነን ነው አንተ የምትደውለው አለችው። እሱ መሬት መሬት አየ። «ዓይን አውጣ ሲባል በስድብ ነበር የማውቀው» አለች፤ «እንዲህ በቁሙ አላየሁም ነበር።» ከግቢው አንድ ሰው ሳቀና ሳቁን ሳል አስመሰለው።

ወንድምየው ጉልበቱን ይዞ ተነሳ። ፈርማለች ትያለሽ፤ እኔ ወንድሟ ነኝ፣ አንድ ቀን አልነገረችኝም አላት ባለሙያዋን። ወረቀት ሺህ ጊዜ ቢፈረም ከአፏ ያልሰማሁትን አልፈቅድም አለ። ፍሬኑ ያዘ፤ አለቀ። ባለሙያዋ ነፍስ ይማር ብላ ሣጥኗን ልታነሳ ጎንበስ አለች።

«ጋሼ» አለ ተኳሹ። «ከአፋቸው ሰምተዋል።»

ሁሉም ዞሩ። በዚያ ቤት ሳይጠየቅ ተናግሮ አያውቅም።

«ትናንት። ብሌኔን አደራ፣ እንዳትከለክሉብኝ ያሉት ይህን ነው። እኔን አይደለም።»

ወንድምየው ትክ ብሎ አየው። የጠዋቱን ንግግራቸውን፣ ኮሪደሩን፣ እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ የተባለውን ሁሉ እያሰበ እንደሆነ ፊቱ ላይ ይታያል።

«አንተን አይደለም?»

«አይደለም።»

«ምን እያልክ እንደሆነ ገብቶሃል?»

«ገብቶኛል።»

«ማልልኝ እስቲ።»

«ዓይኔን ግንባር ያድርገው» አለ ተኳሹ።

መሐላው ከባድ ነው፤ እሱም እርግጠኛ አልነበረም። ሰው ስለ ራሱ ጥቅም በውሸት ሲምል እንጂ በራሱ ላይ እንዲህ ሲምል ብዙም አይታይም። ምናልባት እኔን ይሆናል የምትለዋን ተስፋ፣ ሌሊቱን ሙሉ ስታሞቀው ያደረችውን፣ እንደ ካውያ በገዛ እጁ ከግድግዳው ነቀላት። ወዲያውም ቀዘቀዘች። እህትየው ወንድሟን አየችው፤ ወንድሟ መስኮቱን አየ፤ መስኮቱ የጎረቤትን ግድግዳ ያሳያል። ቆይቶ «ግቢ» አላት ባለሙያዋን።

ባለሙያዋ ከመግባቷ በፊት ወረቀቷን አወጣች። ወንድምየው ፈረመ፤ እህትየውም ፈረመች። የጠራው ሰው ደግሞ በእማኝነት ይፈርምልኝ አለችና ብዕሯን ወደ ተኳሹ ዘረጋች። «እርስዎስ ምናቸው ነዎት?»

እህትየው አፏን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው። ተኳሹ ብዕሩን እንደያዘ ቀረ። ቀኑን ሙሉ የሸሸው ጥያቄ ነው፤ መሐላው ደግሞ ለዚህ የሚሆን መልስ አላስቀረለትም።

«ብሌኗ ነው» አለ ወንድምየው፣ ከመስኮቱ ሳይዞር።

ባለሙያዋ ወረቀቷ ላይ እንዲህ የሚል ቦታ ፈለገች፤ አጣች። ልጅ ልበለው ወይ ብላ ሦስቱንም ተራ በተራ አየቻቸው። ማንም አልመለሰላትም፤ ማንም አልከለከላትም። ጻፈች።

ውስጥ እትዬ ተኝተዋል። ባለሙያዋ ሥራዋን እስክታዘጋጅ ተኳሹ በሩን ተደግፎ ቆየ። አንድ ነገር ያሳስበው ነበርና ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠየቃት፤ የእትዬ ብሌን ለማን ነው የምትሆነው፣ ዘመድ መሆን አለበት ወይ፣ ደም መገጣጠም የለበትም ወይ አላት። አያስፈልግም አለችው፤ ለማያውቃቸው፣ ከየትም ለመጣ ሰው ትሆናለች። «ደም የላትም እኮ» አለች። «ቢኖራት ኖሮ ብርሃን አያልፍባትም ነበር።» ተኳሹ ይህን እንደ ቁራሽ አላመጠው። ደም ከሌላት በምን ትኖራለች ብሎ ጠየቀ። ከፊት ከአየሩና ከእንባ፣ ከኋላም ዓይን ውስጥ ካለው ውሃ ነው ምግቧን የምትወስደው አለችውና በሩን ቀስ ብላ ዘጋችው።

ባለሙያዋ ስትጨርስ እህትየው ናት ቀድማ የገባችው። ያየችውን አይታ የምትጮህ መስሎት ወንድሟም ተከተላት። እትዬ ግን እንደነበሩ ናቸው፤ ሽፋሽፍታቸው ተከድኗል፣ ግንባራቸው ላይ ያቺ የሚያውቋት መስመር አለች፣ እንደ ልማዳቸው ሊቀልዱ የተዘጋጁ ይመስላሉ። እህትየው ለረጅም ጊዜ አየቻቸውና ትንፋሿን ለቀቀች። ከዚያ ሥራ ፈልጋ አንሶላውን ማስተካከል ጀመረች፤ እግራቸው ጋ ስትደርስ ቢጫውን ምልክት አገኘችው። ይኼ ደግሞ ምንድነው አለች።

«እኔ ነኝ። እጄ ቆሞ ነው፤ ጠዋት» አላት ተኳሹ።

ጠዋት መቼ ልትለው ነበር። ግን ቀና ስትል መጋረጃውን አየችው፤ ከመጋረጃው ወዲህ ጠረጴዛውን፣ ጠረጴዛው ላይ ካውያውን። በመጋረጃና በጠረጴዛ መሐል ድምፅ የሚያግድ ነገር እንደሌለ በዓይኗ ለካችው። የአንሶላውን ጫፍ መልሳ እንደነበረው አጠፈችና፣ ምልክቱ ባለበት ላይ ሕፃን እንደሚያስተኛ ሰው በመዳፏ መታ መታ አደረገችው።

ባለሙያዋ ሣጥኗን ይዛ ከወጣች በኋላ ወንድምየው የቤቱን ነገር አንስቶ ጀምሮ አቆመ። ተኳሹ አገዘው። ልጅዎ ትግባበት ጋሼ፣ ለአራስ ይሻላል፣ እኔ ክፍል እስክፈልግ ወሩን ብቻ ይታገሱኝ አለው። ወንድምየው ኮፍያውን አነሳ፣ አየው፣ መልሶ አስቀመጠው። «ከቀብር በኋላ» አለ፤ እሺም አይደለም፣ እምቢም አይደለም። ለነገ የሚሆነውን መኪና ሊያነጋግር ወጣ።

ወንበር ያመጣው ሰው ሌላ ወንበር ፍለጋ ሄዷል። ግቢው ጸጥ አለ። ተኳሹ የመተኮሻ ጠረጴዛው አጠገብ ተቀመጠ፤ ቀኑን ሙሉ ቆሞ እንደዋለ ያወቀው አሁን ነው። ከጎህ ጀምሮ ሰው ሲያለቅስ አብሮ አላለቀሰም፤ እህትየው ይህንንም ታዝባዋለች። አሁን ማንም ሳይነካው፣ ባዶውን ብርድ ልብስ እያየ፣ ዓይኑ ሞላና ፈሰሰ። አልጠረገውም።

እህትየው ሻይ ይዛ ስትገባ ደረሰችበት። በሩ ላይ ቆም አለች። «ጠዋት ሁሉም ሲያለቅስ ዓይንህ ደርቆ ውሎ፣ አሁን ነው የምታለቅሰው?» አለችው፤ ድምጿ ያው የደከመው ድምፅ ነው።

«እንባ ለብሌን ምግቧ ነው አሉ» አላት።

እህትየው ብርጭቆውን ፊቱ አስቀመጠችለት። ወንበር ስባ አጠገቡ ተቀመጠች።

«እንግዲያውስ ትብላ» አለች።